የባሕር ዓሣ በቤት ውስጥ፦ ከጌጡ በፊት ማጣሪያው

ልጅ ያየውን ሁሉ መመኘቱ ያለ ነው። «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተባለው የሥዕል ፊልም እ.ኤ.አ. በ2003 ለዕይታ ከበቃ ወዲህ፣ ብርቱካንማና ነጭ መልክ ያለውን ትንሽ የባሕር ዓሣ ያየ ሕፃን «እኛም ቤት ይኑር» ብሎ ወላጆቹን ማስጨነቁ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። አቅሙ የፈቀደለት የከተማ ቤተሰብም ሳሎኑን በመስታወት የዓሣ ገንዳ ማስጌጥ ይወዳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዳው ቅዳሜ ይገዛል፤ እሑድ ውሃና ዓሣ ይገባበታል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይገኛሉ። ገንዘቡ ይባክናል፤ ልጅ ያለቅሳል፤ ገንዳውም የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል።

ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው የአገዛዙ ቅደም ተከተል ነው። መብራቱ፣ ጌጡና ዓሣው አስቀድመው ይገዛሉ፤ ማጣሪያውና ትዕግሥቱ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፣ የጨው ውሃ ገንዳ በቤትዎ ለማኖር ካሰቡ ገንዘብዎን በምን ላይ ቢያውሉ እንደሚበጅ እንመለከታለን።

የሴቶች እጅ የጀመረው ሥራ

ባሕርን በመስታወት ውስጥ የማኖር ጥበብ ሲጀመር የሴቶች እጅ ነበረበት። በሙያዋ ልብስ ሰፊ የነበረችው ፈረንሳዊቷ ዣን ቪልፕሩ ፓወር፣ እ.ኤ.አ. በ1832 በሲሲሊ ደሴት የባሕር እንስሳትን ለማጥናት የመስታወት ገንዳ ሠርታ ነበር። አና ታይን የተባለች ወይዘሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1846 ቶርኪ ከተባለች የባሕር ዳር ከተማ ሕያው ኮራል ሰብስባ ወደ ለንደን ወሰደች። በመንገድ እንዳይንገላቱባትም በመርፌና በክር ከሰፍነግ ጋር አያያዘቻቸው።

በለንደን የባሕር ውሃ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ያው ውሃ እንዳይበላሽ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ አየር እንዲያገኝ ይደረግ ነበር። ይህ ሥራ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ድካሙ የወደቀው በአንዲት ልጅ እግር የቤት ሠራተኛ ላይ ነበር። ኮራሎቹም ሦስት ዓመት ያህል በሕይወት ቆዩ። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ፓምፕ የዚያችን ልጅ ክንድ የሚተካ መሣሪያ ነው።

በዓይን የማይታየው ማጣሪያ

ለመሆኑ ዓሣውን የሚገድለው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ረሃብ ወይም ብርድ ይመስለዋል። አዲስ በተከፈተ ገንዳ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ዓሣው የሚሞተው በገዛ ራሱ ቆሻሻ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ መርዝ ይፈጥራል። በሰፊው ባሕር አሞኒያው ወዲያው ይበተናል፤ በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም።

መርዙን የሚያጠፉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ እርሱም ራሱ መርዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአንድ ቀን አይደርሱም። የእንጀራ እርሾን ያስቡ፤ ዱቄትና ውሃ ስለተቀላቀሉ ብቻ ሊጥ አይቦካም። ገንዳውም «እስኪቦካ» ድረስ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ዓሣ አይገባበትም፤ ባክቴሪያዎቹ እንዲራቡ ግን ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመርበታል። ከዚያም በጠብታ የሚሠራውን የውሃ መመርመሪያ ገዝተው ይለኩ። አሞኒያውም ናይትራይቱም መጥተው ከሄዱና ሁለቱም ዜሮ ካሳዩ፣ ያን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ማስገባት ይቻላል።

የባክቴሪያዎቹ ቤት ቀዳዳ የበዛበት የገንዳ ድንጋይ ነው። ዋናው ማጣሪያዎ ይኸው ስለሆነ ከጌጡ አስቀድመው ለእርሱ ያውጡ። ከባሕር የወጣ ኮራልና ድንጋይ ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር ማዘዋወር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ስለሆነ፣ ለገንዳ ተብሎ የተዘጋጀው ደረቅ ድንጋይ ይበቃል። ከወንዝ ዳር የተለቀመ ድንጋይ ግን ብረት ሊኖረው ስለሚችል አይመረጥም።

ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ባለ ስፖንጅ ማጣሪያ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚገዛው ነው። ጥቅም የለውም አይባልም። ነገር ግን ስፖንጁ የያዘው ቆሻሻ ያው በውሃው ውስጥ ስለሚቆይ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ በስብሶ ተመልሶ መርዝ ይሆናል። ሲያጥቡትም በቧንቧ ውሃ አይሁን፤ በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላልና። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይለቅለቅ። ቡሃቃውን አጥባ እርሾውን የደፋች ሴት ዳግመኛ እንደምትጠብቅ ሁሉ፣ ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ያጠበም ከመጀመሪያው መነሳቱ ነው።

አረፋውን መግፈፍ

ሥጋ ሲቀቀል ከላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ በጭልፋ እንገፍፋለን። ስኪመር የሚባለው መሣሪያም ለጨው ውሃ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በረጅም ቱቦ ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ ይነፋል፤ ቅባትና ፕሮቲን ያለበት ቆሻሻ በአረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና በጽዋ ይጠራቀማል። ቆሻሻው በስብሶ አሞኒያ ከመሆኑ በፊት ከውሃው ስለሚወጣ፣ ከስፖንጅ ማጣሪያ የሚበልጥበት ምክንያት ይህ ነው። ለውሃውም አየር ይጨምራል። ስለዚህ ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ስኪመሩን ይምረጡ።

አዲስ አበባ የባሕር ዳር አይደለችም

በአየር ረገድ እኛ ደገኞች ልዩ ችግር አለብን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። በዚህም የተነሳ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከባሕር ዳሩ በሩብ ያህል ያንሳል። የጨው ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ከጨው አልባው ውሃ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ስለዚህ በባሕር ዳር ከተማ ለሚኖር ሰው የተጻፈውን የዓሣ ብዛት በደጋ ላይ እንዳለ መከተል አይበጅም። ዓሣውን ያሳንሱ፤ ፓምፑን ያበርቱ። ለ200 ሊትር ገንዳ በሰዓት 2,000 ሊትር ያህል የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ አፉም የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ሆኖ ይቀመጥ።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። የሞቃት ባሕር ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋሉ። የአዲስ አበባ ሌሊት ይህን አይሰጥም። ቤቱ ብርዳም ከሆነ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ያህል ይታሰባል። ለ200 ሊትር ገንዳ ግን ባለ 200 ዋት አንድ ማሞቂያ ከመግዛት ባለ 100 ዋት ሁለት መግዛት ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ዓሣው አይበርደውም፣ አንዱ አልጠፋ ቢልም ውሃው ቶሎ አይፈላም። ወጪውን አስቀድመው ያስሉ፤ ሁለቱ ማሞቂያዎች በቀን 12 ሰዓት ቢሠሩ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ፓምፑ በቆመ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዓሣው አየር ያጥረዋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ዋጋው ከዓሦቹ ያንሳል፤ ከጌጡም ሁሉ በፊት መገዛት ያለበት እርሱ ነው። ከገንዳው ሥር ሁለተኛ ገንዳ አስቀምጠው ዕቃውን በዚያ ለመደበቅ ያሰቡ ደግሞ፣ መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚወርደው ውሃ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ በታችኛው ገንዳ ውስጥ ይተዉ። አለበለዚያ ጨዋማው ውሃ ሳሎኑን አልፎ ከታች ወዳለው ጎረቤት ይወርዳል።

ጨውና ውሃ

«ጨው ጨው ነው» ብሎ የወጥ ጨው ወይም ከአፋር የመጣ አሞሌ መጨመር አይገባም። እነርሱ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ናቸው። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ማዕድናት አሉት። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀው ጨው ተገዝቶ፣ ክሎሪኑ በወጣለትና በተጣራ ውሃ፣ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል እየተለካ ይበጠበጣል። የጨው መለኪያውም 1.025 ገደማ ማሳየት አለበት።

ወጥ ሲንተከተክ ውሃው ተንኖ ጨው እንደሚበረታ ያውቃሉ። ገንዳውም እንዲሁ ነው። ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን ይቀራል። ስለዚህ በየቀኑ የጎደለው የሚሞላው በጨው ውሃ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ነው። በየሳምንቱ ግን ከ20 እስከ 30 ሊትር አሮጌ ውሃ ተቀድቶ በአዲስ የጨው ውሃ ይተካ፤ የተጠራቀመው ናይትሬት የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዚህ የሚሆን ጀሪካን መለየት ያስፈልጋል። ባልዲውም ሳሙና ያልነካው ፕላስቲክ ይሁን። መዳብና ነሐስ ለኮራልና ለመሰል እንስሳት መርዝ ናቸው።

ሕፃናት ባሉበት ቤት የኤሌክትሪኩ ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይገባ መሬት ላይ ይወድቃል። እጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊትም ሁሉም ይነቀል። የ200 ሊትር ገንዳ ከነድንጋዩና ከነመስታወቱ ከ250 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በቴሌቪዥን ጠረጴዛ ወይም በቡፌ ላይ አይቀመጥም።

ሥራው የማን ነው?

መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶም የሚቀር ሥራ አለ። የስኪመሩን ጽዋ ማጠብ፣ የጎደለውን መሙላት፣ ሙቀቱን ማየት፣ ምግቡን መመጠን የዕለት ተዕለት ሥራዎች ናቸው። ልጁ «እኔ እሠራለሁ» ይላል፤ አባት «ቀላል ነው» ይላል፤ ወር ሲሞላ ግን ባልዲው በእናት ወይም በቤት ሠራተኛዋ እጅ ላይ ይገኛል። የለንደኗን ልጅ ያስታውሷል። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሥራውን በስም ይከፋፈል። ውሃ የመለወጡ ሥራ የአባት፣ መመርመሪያውን አንብቦ በደብተር የመመዝገቡ የትልቁ ልጅ፣ ማብላቱ የትንሹ ቢሆን ማንም አይጎዳም። የቤት ሠራተኛዋም የምትረዳ ከሆነ በመጀመሪያ ትማር፤ የሥራ ጊዜዋም ይታሰብላት።

ይህን ሁሉ አስልተው ከአቅም በላይ ሆኖ ካገኙት፣ ጨው በሌለው ውሃ በሚኖሩ ዓሦች መጀመር ሐፍረት የለውም። ወጪው ያነሰ ነው፤ የ«እርሾው» ሕግ ግን አንድ ነው። ገንዳውን አንድ ዓመት በደንብ ያስተዳደረ ቤተሰብ የባሕሩንም ለማስተዳደር ይችላል። ልጅዎም ባዶውን ገንዳ እያየ «ዓሣው መቼ ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ መመርመሪያውን በእጁ ይስጡትና ዜሮው የሚታይበትን ቀን አብራችሁ ጠብቁ። ሕይወት ያለውን ነገር ከመቀበል በፊት ቤቱን ማዘጋጀት እንደሚገባ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ይማራል።