ተባይንና አረምን በሕያው ፍጥረት መከላከል፦ ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል?



ሥነ ሕይወታዊ መከላከል ማለት ተባይን ወይም አረምን በተፈጥሮ ጠላቱ ማዳከም ነው። በማሳዎ ላይ ክሽክሽ የምትበላው ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ የዚህ ምሳሌ ናት። እሷ የአካባቢው ስለሆነች ያለ አግባብ ኬሚካል ባለመርጨት ይጠብቋት። ከውጭ አገር የሚመጡ ነፍሳት ግን ቁጥጥር ይሻሉ። ይራባሉ፣ ይበራሉ፣ የማሳ ድንበር አያውቁም፤ አንዴ ከተለቀቁ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

ጥንቃቄ ሲጎድል

አውስትራሊያ በ1935 እ.ኤ.አ. የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛን እንዲበላ ከሃዋይ ትልቅ ጓጉንቸር አስገባች። ጓጉንቸሩ ጥንዚዛውን አላጠፋም፤ ራሱ መርዛማ ተባይ ሆኖ ተስፋፋ። በአገራችንም ለቀይ ቀለም ምርት ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ የአርሶ አደሩን በለስ ጎድቷል።

ትክክለኛው አካሄድ

ቅንጨ አረምን ለመከላከል የመጣችውን ቅጠል በል ጥንዚዛ እንመልከት። የትውልድ አገሯ ሜክሲኮ ነው።

1. የማስገቢያ ፈቃድ፦ የነፍሳቱ ማንነት፣ ምንጭና ሊያስከትሉ የሚችሉት ጉዳት አስቀድሞ ይጠናል።
2. ኳራንቲን፦ ማምለጥ በማይችሉበት ዝግ ቤት ይቆያሉ። ጥንዚዛዋ በአምቦ በዚህ መንገድ ተይዛ ተመርምራለች።
3. የምግብ ሙከራ፦ ኑግና ሱፍ ከቅንጨ አረም ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ ጥንዚዛዋ ኑግን እንደማትጎዳ ሳይረጋገጥ አትለቀቅም።
4. የመልቀቂያ ፈቃድ፦ ከማስገቢያው የተለየ ነው፤ የሙከራው ውጤት ታይቶ ይሰጣል።
5. ክትትል፦ ከተለቀቁ በኋላ መራባታቸውና የሚበሉት ይመዘገባል።

የእርስዎ ድርሻ

• ነፍሳትን ከሌላ ወረዳ በራስዎ ፈቃድ አያምጡ፤ በቅድሚያ የልማት ሠራተኛውን ያማክሩ።
• ፈቃዱና ምንጩ ያልታወቀ ነፍሳት ለሽያጭ ቢቀርብልዎ አይግዙ።
• በተለቀቁበት ቦታ ፀረ ተባይ አይርጩ።
• በኑግ ወይም በሌላ ሰብል ላይ ሲመገቡ ካዩ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰብሉን ዓይነት መዝግበው ወዲያውኑ ያሳውቁ።
• ጥንዚዛዋ አረሙን ታዳክማለች እንጂ ብቻዋን አታጠፋውም። በማሳዎ ያለውን ቅንጨ አረም ሳያብብ፣ ጓንት አድርገው ይንቀሉ፤ ቆዳን ያሳክካልና።

ለጎረቤትዎ ሲያስተምሩ ይህን አይርሱ፦ አንድ ሰው ያለ ፈቃድ የለቀቀው ነፍሳት የቀበሌውን ሁሉ ሰብል ሊነካ ይችላል።