«አይዞሽ» ከማለታችን በፊት

«ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስባችሁ ምን ትሠራላችሁ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ ልንገራችሁ።

ስድስት ነን። በየተራ አንዳችን ቤት ቡና ይፈላል። ከዚያ አንድ ሰው የሚፈራውን ነገር ያወጣል፤ ሌሎቻችን እንጠይቃለን። ተናጋሪው እስኪጨርስ መምከር፣ «እኔም እኮ» ብሎ ወደ ራስ ታሪክ መግባት፣ «አይዞሽ» ማለትም ክልክል ነው።

«አይዞሽ» የምወደው ቃል ነው። ቶሎ ሲባል ግን ጨዋታውን ይዘጋዋል። የፈራው ሰው ዝም ይላል፤ ፍርሃቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

የእኔን ላጫውታችሁ። ሊነጋጋ ሲል ስልክ ከጮኸ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አላነሳም። ዓረብ አገር ያለው ወንድሜ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ የሚደውለው ግን በዚያ ሰዓት ነው። «እንቅልፍ ይዞኝ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ሸሸሁት። ተራዬ ደርሶ ይህን ስናገር አንዷ «ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ የት ላይ ነው የሚሰማሽ?» አለችኝ። ሆዴ ላይ። «ከዚያስ ምን ይመጣብሻል?»

የበር መንኳኳት።

ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እኔም አላወቅኩትም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አባቴ ለሕክምና ከቤት ርቋል። ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ደጅ የቆሙትን ሽማግሌዎች ስታይ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ጮኸች።

ማንም አላባበለኝም። ሲኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ያኔ ነው ሁለቱን ለይቼ ያየኋቸው፦ መርዶው ያለፈ ነው፤ የሚደውለው ወንድሜ ነው። ስጨርስ በዕድሜ የምትበልጠን እህት «አሁን አይዞሽ» አለችኝ። ስለምን እንደምትለኝ ታውቅ ነበር።

ሕንዳዊው አሳቢ ጂዱ ክሪሽናሙርቲ ይህን ልዩነት ደጋግሞ ያነሣ ነበር። እባብ አይቶ መዝለል ሰውነት ራሱን የሚያድንበት ነው፤ የትናንቱን ሕመም «ነገም ይመጣል» እያለ የሚያስፈራራን ግን ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 እሱን መሪ አድርጎ የተቋቋመውን ማኅበር በገዛ እጁ በትኗል፤ ሰው ራሱን ለማየት የሚከተለው መምህር አያስፈልገውም ብሎ። እኛም ሰብሳቢ የለንም።

ታዲያ ፍርሃታችንን ብቻችንን ለምን አናየውም? እኔ ብቻዬን ሳስብ፣ የሚያመው ቦታ ስደርስ ወደ ሌላ ሐሳብ እዞራለሁ። ስንሸሽ ለጊዜው ቀለል ስለሚለን መሸሽን እንለምዳለን፤ የፈራነው እንደማይደርስ የምናይበትን ዕድልም እናጣለን። ጥያቄ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ግን እዚያው እንቆያለን። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው የቡድን ሕክምና መጽሐፍ «ለካ የእኔ ብቻ አይደለም» ብሎ ማወቅን ከሚፈውሱት ነገሮች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። እኔ ስጨርስ ከመካከላችን ሁለቱ ሌሊት ስልካቸውን እንደሚያጠፉ ተናገሩ።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ ጥቂት ሁኑ፣ የተነገረው ከቤት አይውጣ፣ ማንም እንዲናገር አይገደድ። ፍርሃቱ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳ ከሆነ ግን ወደ ባለሙያ ሂዱ፤ ይህ የሕክምና ምትክ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። ሆዴ እንደ ድሮው ተኮማተረ። ትንሽ አየሁትና አነሳሁ።

«ነቅተሽ ነው?» አለኝ ወንድሜ፣ ገርሞት።

«አዎ፣ ነቅቼ ነው።»