ስለ ባራኩዳ ዓሣ፤ ወገኑና ጠባዩ

ባራኩዳ በሞቃት ባሕሮች የሚኖር፣ ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚበላ ዓሣ ነው። መኖሪያው የባሕር ውሃ ስለ ሆነ በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ አይገኝም፤ ለኢትዮጵያ ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር ግን ልዩ ልዩ ዓይነቱ ይኖራል። ብዙ ሰዎች ጥርሱን አይተው ይፈሩታል፤ ነገር ግን ከጥርሱ ይልቅ ሥጋው ብዙ ሰው ጎድቷል። ይኸውም ከዚህ በታች ይገለጻል።

1ኛ፤ የአካሉ ሁኔታ።

የባራኩዳ አካል እንደ ዘንግ ረዥም ሲሆን በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ራሱ ሹል ነው፤ የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው አልፎ ወደ ፊት ይወጣል። በጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ክንፎች እርስ በርሳቸው በጣም የተራራቁ ስለ ሆኑ ከሌላው ዓሣ ለመለየት ይረዳሉ። ከጥርሶቹም አንዳንዶቹ ጥቃቅን፣ አንዳንዶቹ እንደ ውሻ ክራንቻ ረዣዥምና ስለታም ናቸው፤ ስለዚህ ትልቁን ዓሣ ቈርጦ ለመብላት ይችላል።

2ኛ፤ ዓይነቶቹ።

ሊቃውንት የባራኩዳን ወገን ሁሉ ስፊሬና በሚባል በአንድ ስም ይጠሩታል፤ ዓይነቱም ከ20 ይበልጣል። ከሁሉ የታወቀው ታላቁ ባራኩዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አልፎ አልፎ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ባለ ጥቁር ክንፉ ባራኩዳ ደግሞ ቀን ቀን በብዙ መንጋ ሆኖ ይታያል፤ ይህንንም ዓሣ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1870 ዓመት ክሉንዚንገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በቀይ ባሕር ካገኘው በኋላ ለሊቃውንት ገልጾታል። ጅራቱ ብጫ የሆነው ዓይነት የስዊዝ ቦይ በ1869 ዓመት ከተከፈተ ወዲህ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ተሻግሯል። ሌላም በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በካሊፎርኒያ በኩል፣ የሚኖር ዓይነት አለ።

3ኛ፤ ጠባዩ።

ባራኩዳ ጸጥ ብሎ ከቆየ በኋላ፣ የሚያድነው ዓሣ ሲቀርብ እንደ ተወረወረ ጦር ድንገት ይፈተለካል። የሚያድነው በዓይኑ ስለ ሆነ የሚያብለጨልጭ ነገር ይስበዋል፤ ዋናተኛ ያደረገውን ጌጥ ዓሣ መስሎት የሚነክስበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ሰውን መንከሱ እጅግ ጥቂት ነው።

4ኛ፤ ስለ ሥጋው የሚደረግ ጥንቃቄ።

ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይና በባሕር ሣር ላይ በዓይን የማይታይ፣ መርዝ ያለው ረቂቅ ፍጥረት ይኖራል። ትንንሽ ዓሦች ሣሩን ሲግጡ መርዙን አብረው ይበላሉ፤ ትንንሾቹን መካከለኞቹ፣ መካከለኞቹንም ባራኩዳ ይበላቸዋል። መርዙ ከሰውነት በቶሎ ስለማይወጣ እየተከማቸ ይሄዳል፤ ስለዚህ በመጨረሻው በላተኛ፣ ይልቁንም በትልቁ ባራኩዳ ሥጋ ውስጥ ይበዛል። ከዚህ የሚመጣው ሕመም ሲጓቴራ ይባላል፤ በካሪቢያን ባሕርና በፓሲፊክ ደሴቶች የታወቀ ነው።

ዓሣው ራሱ የታመመ አይመስልም፤ የሥጋውም ሽታና ጣዕም አይለወጥም። መቀቀልም ሆነ መጥበስ፣ በጨው ማድረቅም ሆነ በበረዶ ማቈየት መርዙን አያጠፋውም። የበላውን ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከንፈሩና ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካም እንደ እሳት ያቃጥለዋል። መርዙን የሚያፈርስ መድኃኒት ስለሌለ፣ ሐኪም የሚችለው ሕመሙን ማስታገስ ነው።

ባራኩዳ ሁሉ መርዝ አለው ማለት ግን አይደለም፤ በብዙ አገር ትንንሾቹ ያለ ጉዳት ይበላሉ። ነገር ግን ደኅናውንና የተመረዘውን በዓይን ለመለየት ስለማይቻል፣ በኮራል አጠገብ የተጠመደውን ትልቁን ባራኩዳ መተው ይሻላል። መምህራንም ይህን ለተማሪዎች ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ከእነዚህ ልጆች ነገ ለሥራ ወደ ጂቡቲ ወይም ወደ ዐረብ አገር የባሕር ዳር ከተሞች የሚሄዱ አሉና።