ቆርኪ የሚደረድረው ልጅ እየተጫወተ ነው

አንድ ልጅ ካዛንቺስ፣ ከአንድ ግቢ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ቆርኪ ሲደረድር አስቡት። የኮካው ከኮካው፣ የአምቦው ከአምቦው፤ መስመሩ ዝንፍ አይልም። እኩዮቹ እዚያው ብይ ይጫወታሉ፣ እሱ ቀና ብሎም አያያቸው። ስሙን ቢጠሩት አይመልስም። ጎረቤት "ምን ሆኖ ነው ይሄ ልጅ የማይጫወተው?" ይላል። እየተጫወተ ነው እኮ! ኦቲዝም ላለበት እንዲህ ላለ ልጅ የሚሆነው፣ ላወራችሁ የጓጓሁለት የጨዋታ ሕክምናም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ሕክምናው ራሱ የቆየ ነው። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ልጅ በቃል የማይወጣለትን በጨዋታ ስለሚያወጣው ልጁ ይምራ፣ ትልቁ ሰው ይከተል አለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ተነስተው "አእምሯችን ተለየ እንጂ ተበላሸ ማን አለ?" ብለው ጠየቁ። ኒውሮዳይቨርሲቲ የሚባለው አመለካከት ይህ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጨዋታው ልጁን "እንደ ሌሎቹ" የማድረጊያ ዘዴ መሆኑ ይቀራል።

የጨዋታ ሕክምና ባለሙያዋ ወለሉ ላይ ቆርኪ ከሚደረድረው ልጅ አጠገብ ትቀመጣለች። "ዓይን ዓይኔን እየኝ" አትለውም፣ ጥያቄም አታዥጎደጉድበትም። የራሷን ቆርኪ ይዛ መደርደር ትጀምራለች። "አምቦዋን ዳር አደረግካት" ትልና ዝም ትላለች። እጁን ቢያርገበግብ አታስቆመውም፤ ራሱን የሚያረጋጋበት ነውና። ጆሮውን ቢደፍን ሬዲዮኑን ታጠፋለች። አንዲት ቆርኪ ገፋ አድርጎ ቢሰጣት፣ ይህ ለእኔ ሙሉ ንግግር ነው። ልቅ ግን አይደለም። ሊመታት ቢቃጣ "ተናደሃል፤ እኔ አልመታም፣ ትራሱን ግን መምታት ትችላለህ" ትለዋለች።

ጨዋታው ግን እንደ ዕድሜው ነው፤ ለ15 ዓመት ልጅ አሻንጉሊት ማቅረብ ማስቀየም ነው። የአንበሳ አውቶቡስን መስመር ቁጥሮች በቃሉ የሚያውቅ ከሆነ ካርታውን አብሮ መሳል ይቻላል። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ጠባያቸውን ሲደብቁ ውለው ቤት ሲገቡ ይፈነዳሉ፤ መደበቅ የማያስፈልግበት አንድ ሰዓት ማግኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጅስ? ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሰው ዓይን በሚደበቁበት ጊዜ፣ የልጇን ጉዳይ አደባባይ አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ዘሚ የኑስ እናት ነበረች። ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ብታርፍም በር ከፍታልናለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም አዲስ አበባ ውስጥ ተሞክሯል፦ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት፣ የሕክምና ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች የሚሰጥ። የኒውሮዳይቨርሲቲን አመለካከት ሙሉ በሙሉ ይከተላል አልልም። የምወድለት ግን ልጁ አሁን ከሚያደርገው ነገር መነሳቱና ልብስ ማጠፍን የመሰለ የቤት ውስጥ ሥራን እንደ ጨዋታ ሁሉ ልጁ የሚሳተፍበት አጋጣሚ ማድረጉ ነው። ሐኪምና ገንዘብ ለሚያጥረው ቤተሰብ ይህ ተስፋ ነው።

ካዛንቺስን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ቀኑ ሁሉ በለመደው መንገድና በለመደው ሱቅ ለተያዘ ልጅ ይህ የሚያናውጥ ነገር ነው። ስለዚህ ቤት መቀየራችሁ ካልቀረ አስቀድማችሁ ተጫወቱት። በካርቶን ሁለት ቤት ሥሩ፤ በአሻንጉሊት መኪና ዕቃ ጫኑ፣ አውርዱ። መኪናውን መልሶ መልሶ ወደ አሮጌው ቤት ቢነዳው አታርሙት፣ አብራችሁት ሂዱ። አዲሱን ቤት ባዶውን እያለ አሳዩት፤ የሚተኛበትን ብርድ ልብስም ሳታጥቡ፣ ከነጠረኑ ውሰዱለት።