የሌሊት ታሪፍና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በናይሮቢ

የኬንያ የኢነርጂና የነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሥራ ላይ ባዋለው ታሪፍ ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ራሱን የቻለ ዋጋ ወጥቶላቸዋል። ታሪፉ ሲወጣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 16 ሺሊንግ ሲሆን፣ በሥራ ቀናት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ግን 8 ሺሊንግ ነበር። (ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓትን ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የናይሮቢና የአዲስ አበባ ሾፌሮች ይህን ጊዜ በአንድ ቁጥር ይጠሩታል።)

ዋጋው ሌሊት የሚረክሰው ከኃይሉ ምንጭ የተነሣ ነው። ከናይቫሻ አጠገብ በኦልካሪያ ከከርሰ ምድር የሚወጣው እንፋሎት የአገሪቱ ዋነኛ የኃይል ምንጭ ነው፤ እንደ ግድብ ውኃ ግን ለነገ አይጠራቀምም። ከተማው ሲተኛ ፍላጎቱ ስለሚወርድ እንፋሎቱ ተርባይን ሳያዞር ወደ አየር የሚለቀቅበት ጊዜ አለ። በአንጻሩ ምሽት ላይ ሁሉም ቤት መብራትና ምድጃ ሲያበራ በነዳጅ የሚሠሩ ውድ ጣቢያዎች ይነሣሉ። ሌሊት የተሞላ አውቶቡስ እንግዲህ ሊባክን የነበረውን ኃይል ነው የሚጠቀመው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በባሲጎ ኩባንያ አማካይነት ናይሮቢ ለገቡት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ይህ አሠራር የተመቸ ይመስላል፤ ቀን ይሠራሉ፣ ሌሊት ይቆማሉ። ችግሩ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ደቂቃ ሲሰኩ ነው። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ሰዓት የሚሹ ሃያ አውቶቡሶች በ4 ሰዓት አብረው ቢጀምሩና በአራት ሰዓት ቢሞሉ 500 ኪሎዋት ይጠይቃሉ። አሥሩ ቀድመው፣ አሥሩ ተከትለው ቢሞሉ ግን 250 ይበቃል፤ ዋጋውም ያው የሌሊቱ ዋጋ ነው። ልዩነቱ በትራንስፎርመሩ ላይ ይታያል። በሂሳቡም ላይ ሊታይ ይችላል፤ የተሽከርካሪ ታሪፉ ሲወጣ በወር እስከ 15,000 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ደንበኛ ተወስኖ ነበር፤ የእነዚህ ሃያ አውቶቡሶች የወር ፍጆታ 60,000 ይደርሳል። ትላልቅ የንግድና የኢንዱስትሪ ደንበኞች ደግሞ ከፍጆታው ሌላ ለወሩ ከፍተኛ ጭነት ይከፍላሉ። ስለዚህ የዋጋው ሰዓት ብቻውን አይበቃም፤ ተራ የሚያስይዝ መሣሪያ ወይም ንቁ ዘበኛ ያስፈልጋል። ማታቱዎች ከ12 ሰዓት በፊት መንገድ ስለሚጀምሩም ተራው መሰጠት ያለበት በመውጫቸው ቅደም ተከተል ነው። አለዚያ ርካሹ ዋጋ የመጀመሪያውን ምልልስ ያስቀራል።

የቦዳ ቦዳ ነጂዎች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ባትሪ እየለወጠ የሚሠራ ነጂ ቀኑን ሙሉ የተሞላ ባትሪ ይፈልጋል። የለውጥ ጣቢያው ሌሊት ብቻ ልሙላ ካለ ከሞተር ብስክሌቶቹ ቁጥር እጅግ የበለጡ ባትሪዎች መግዛት አለበት፤ ባትሪ ደግሞ ከሞተር ብስክሌቱ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት ክፍሎች አንዱ ነው። በስምንት ሺሊንግ የተቆጠበው በካፒታል ሊጠፋ ይችላል። ቤቱ የሚሞላው ነጂ ደግሞ ለተሽከርካሪ የተለየ ቆጣሪ ከሌለው የሚከፍለው በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢጠብቅም ዋጋው አይቀንስለትም።

በሂሳብ ወረቀቱ ላይ የነዳጅና የውጭ ምንዛሪ ማስተካከያዎች፣ ልዩ ልዩ ክፍያዎችና 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚጨመሩ፣ የመሠረታዊው ዋጋ በግማሽ መቀነስ የመጨረሻውን ክፍያ በግማሽ አይቀንሰውም።