የመስተዋት ስሕተት እንዴት ይለካል?

የፀሐይን ጨረር በመስተዋት ሰብስቦ የኤሌክትሪክ ኃይል ማውጣት እንደሚቻል ከአንባብያን መካከል የሰማ ይኖራል። በእስፓኝ አገር፣ በሴቪል አውራጃ የሚገኘው ጌማሶላር የተባለው ማመንጫ በ2011 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ሥራ ጀመረ። በዚያም 2,650 ታላላቅ መስተዋቶች 140 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ዙሪያ ቆመው ፀሐይን እየተከተሉ ይዞራሉ። ጨረሩ በግንቡ ጫፍ ላይ ሲያርፍ በቧንቧ የሚያልፈውን የቀለጠ ጨው እስከ 565 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያግለዋል፤ በጨው ሙቀት ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱም ተርባይኑን ያዞራል።

ታዲያ አንዱ መስተዋት ጥቂት ቢያዘነብል ምን ይጎዳል? በፊዚክስ ትምህርት እንደምናውቀው፣ ጨረር መስተዋትን የሚመታበትና ተመልሶ የሚሄድበት ማዕዘን እኩል ነው። ስለዚህ መስተዋቱ 1 ዲግሪ ቢያዘነብል ጨረሩ 2 ዲግሪ ይዛወራል፤ ስሕተቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መሐንዲሶች ይህን የመሰለ ጥቃቅን ማዕዘን የሚለኩት በሚሊራዲያን ነው። 1 ሚሊራዲያን በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ የ1 ሜትር ልዩነት ያመጣል። እንግዲህ ከግንቡ ጫፍ 500 ሜትር ርቆ የቆመ መስተዋት 1 ሚሊራዲያን ብቻ ቢያዘነብል ጨረሩ ከዒላማው 1 ሜትር ይርቃል። ዒላማውን የሳተ ጨረር ጨውን አያሞቅም፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአቅጣጫ ስሕተት ሲሆን፣ ይህን ለማወቅ አንዱ መስተዋት ለብቻው ጨረሩን በግንቡ ላይ ወዳለ ነጭ ሰሌዳ ይልካል። የብርሃኑ መካከል ከሰሌዳው መካከል ምን ያህል እንደራቀ በፎቶግራፍ ይለካል።

ሁለተኛው የገጹ መጣመም ነው። ይህን ለመለካት በሌሊት በነጩ ሰሌዳ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች በፕሮጀክተር ይጣላሉ፤ ካሜራውም መስመሮቹ በመስተዋቱ ውስጥ እንዴት እንደሚታዩ ያነሣል። መስመሮቹ ከሚጠበቀው መልክ ወጥተው ቢጎብጡ፣ ኮምፒዩተር ከጉብጠታቸው ተነሥቶ የእያንዳንዱን ነጥብ ዝንባሌ ያሰላል። ይህ ዘዴ በዚያው በእስፓኝ፣ በአልሜሪያ በሚገኘው የፀሐይ ኃይል የምርምር ጣቢያ ተሠርቶበታል።

ልብ በሉ፤ ጨረሩን ከዒላማው የሚያስተው ያው እጥፍ መዛወር፣ መስመሮቹንም አጉብጦ የተሰወረውን ጉድለት ለዓይን ይገልጣል። አንባቢም በቤቱ ርካሽ መስተዋት ውስጥ የመስኮቱን ብረት እያየ ራሱን ቀስ ብሎ ቢያንቀሳቅስ፣ ቀጥ ያለው ብረት ሲታጠፍ ያያል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ትንሹን ስሕተት አስቀድሞ የለካ ትልቁን ጉዳት ያስቀራል።