የአዞ እንቁላልና የእናቶች ጥያቄ

ከጨንቻ ደጋ ተነስተን ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ ወረድን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጫካው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ውሃውን ቀምሰን፣ በአባያ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የአዞ እርባታ ሄድን።

አዞዎቹ በግንብ ታጥረው፣ ትልቁ ከትንሹ ተለይቶ ይኖራሉ። የሚረቡት ለቆዳቸው ነው። ዘራቸው የመጣው ከሐይቅ ዳር ከተለቀመ እንቁላል ነው።

እናት አዞ 50 ያህል እንቁላል ጥላ በአሸዋ ትቀብራለች። እንደ ዶሮ አትታቀፍም፤ የአሸዋው ሙቀት ይበቃል። ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ልጆቿ ከውስጥ ይጮሃሉ። እሷም አሸዋውን ጭራ፣ በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ታወርዳቸዋለች። ያ ሁሉ የሚፈራው አፍ!

ወንድና ሴት የሚለየውም በሙቀቱ ነው። አሸዋው ቀዝቀዝ ካለ ሴት ይበዛል፤ ትንሽ ሞቅ ካለ ወንድ።

ይህን ሲሰሙ አብረውን የመጡ አንዲት እናት፣ «እኛንስ ለምን ሴት ወለድሽ ይሉናል?» አሉ።

በሰው ዘንድ ወንድና ሴት የሚለየው ከአባት በሚመጣው ዘር መሆኑን ነገርናቸው። ወንዶቹ ዝም አሉ።

«ይኼንንማ ጻፉልን» አሉ እናት።

ይኸው ጻፍን።

በማግስቱ በጀልባ ጫሞ ሐይቅ ላይ «አዞ ገበያ» የሚባለውን አየን። ሻጭም ገዢም የለው፤ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁበት ዳርቻ ነው።